«ያዘጋጀው እርሱ ነው» አልሁ፤ እውነት ነበር፣ ግን በደልሁ

ዘግይቶ የነቃ (ክሩን የከፈተ)

ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ሦስት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ፤ ምክንያቱም በጻፍሁት ቁጥር ራሴን ነጻ የሚያወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳላስበው ሾልኮ ይገባብኛል። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሆነው ብቻ ላስቀምጠው።

በምሠራበት መሥሪያ ቤት የአንድ ክፍል ኃላፊ ነኝ። የዓመቱ ሪፖርት ለበላይ አመራር ሲቀርብ በአንዱ ሠንጠረዥ ውስጥ አንድ ድምር ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ተገኘ። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ከተቀጠረ ገና ዓመት ያልሞላው፣ በሥሬ የሚሠራ ወጣት ነው። አጣርቶ መፈረም ግን የእኔ ሥራ ነበር፤ በዚያ ቀን ለመሄድ ቸኩዬ ስለ ነበር የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ገልጬ ፈርሜያለሁ። በስብሰባው ላይ «ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ «ሠንጠረዡን ያዘጋጀው እርሱ ነው» አልሁ። ሌላ ምንም አልጨመርሁም። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ የእስክሪብቶውን ክዳን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተና ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረ። በሳምንቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አራት ወር አልፏል። የሚያስጨንቀኝ አለመዋሸቴ ነው። ብዋሽ ኖሮ ስሙን አውቄ እናዘዘው ነበር፤ ይህን ግን ምን ብዬ እንደምጠራው እንኳ አላውቅም። ማታ ስጸልይ «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ሁለት ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው እውነት ተናግሮ ይበድላል? ደግሞስ በእግዚአብሔር ፊት ንስሐ ከገባሁ በኋላ ልጁ ምናልባት የረሳውን ነገር መቀስቀስ ለእርሱ ምን ይጠቅመዋል? የራሴን ኅሊና ለማሳረፍ ስል ዳግመኛ እንዳላቆስለው እፈራለሁ።

የመጽሐፍ ተማሪ

ወንድሜ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሱ ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 ላይ አለ። አዳም ሲጠየቅ የመለሰውን ቀስ ብለህ አንብበው፤ «ከእኔ ጋር እንድትሆን የሰጠኸኝ ሴት እርስዋ ከዛፉ ሰጠችኝና በላሁ።» እስቲ ከዚህ ውስጥ ሐሰቱን አውጣ። ሴቲቱን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ፍሬውን የሰጠችው እርስዋ ናት፤ የበላውም እርሱ ነው። ሔዋንም «እባብ አሳተኝና በላሁ» ስትል ሐሰት አልተናገረችም። ሁለቱም በመስቀለኛ ጥያቄ የማይረቱ ምስክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን በየዘመኑ ይህን መልስ ስታነብ ኑዛዜ አድርጋ አልቈጠረችውም፤ ምክንያቱ ያለው በቃላቱ ቅደም ተከተል ነው። አዳም መጀመሪያ ሰጪውን አምላክ፣ ቀጥሎ ሴቲቱን፣ ከዚያ ዛፉን አሰለፈና ራሱን ከሰልፉ ጀርባ አቆመ። በአማርኛችን «በላሁ» የምትለው ቃል የመጨረሻዋ ናት፤ በዕብራይስጡም እንዲሁ የመጨረሻዋ ናት። ልትጠየቅ የተገባት አንዲት ቃል እስክትደርስ ድረስ ሰሚው ሦስት ተጠያቂዎችን አልፎ ይመጣል።

ሰው የሚያላክከው በሐሰት ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። የአሮን መልስ ለምሳሌ ያስቃል። ዘጸአት 32 ቁጥር 4 ላይ ወርቁን ተቀብሎ በመቅረጫ እንደ ቀረጸው ተጽፏል፤ ቁጥር 24 ላይ ሙሴ ሲጠይቀው ግን ወርቁን ወደ እሳት ጣልሁት፣ ይህም ጥጃ ወጣ ይላል፤ ጥጃው ራሱን የሠራ ይመስል። ከዚያ በፊትም ሕዝቡ ክፉ መሆኑን አንተው ታውቃለህ ብሎ ጀምሯል። እንዲህ ያለውን ማንም ይይዘዋል። የአዳምን ዓይነት ግን ተናጋሪው ራሱ እንኳ አይይዘውም፤ አንተም አራት ወር የፈጀብህ ለዚህ ይመስለኛል።

እንግዲህ በስብሰባው ላይ የጎደለው ሌላ እውነት ነበር። «ያዘጋጀው እርሱ ነው፤ ሳላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ» ብትል ኖሮ የመጀመሪያው ግማሽ ምንም ስሕተት አልነበረበትም። ሁለተኛውን ግማሽ ስታስቀር የመጀመሪያው መረጃ መሆኑ ቀርቶ ክስ ሆነ።

ቀጥተኛው

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ እንደ ሌሎቹ ልለሳለስ አልችልም። ይህ የቅደም ተከተል ጉዳይ ሳይሆን ተራ ፈሪነት ነው። አለቆቹን ስለ ፈራ ታናሹን አስመታ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። እንዲህ ያሉ ኃላፊዎች በየመሥሪያ ቤቱ ሞልተዋል፤ ምስጋናው ሲመጣ ፊት ይቆማሉ፣ ጥፋቱ ሲመጣ የበታቾቻቸውን ስም ይጠራሉ። እኔ በእነርሱ ዓይነት ሰዎች ምክንያት ነው ዛሬ የምገባው ሥራ ላይ የቀረሁት። አራት ወር ሙሉ ደመወዙን እየበላ ዝም ያለ ሰው እዚህ መጥቶ ስለ ጉሮሮው ሲነግረን ማዘን ያለብን ለእርሱ ነው ወይስ ለልጁ?

መንገደኛ

ቀጥተኛው፣ ያልኸው ፈሪነት መኖሩን ጠያቂው ራሱ አልካደም። ነገር ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ዐይኔ ላይ ቀረች፤ «በእነርሱ ዓይነት ሰዎች ምክንያት» ያልኸው። ስለ ማላከክ በምንወያይበት ክር ውስጥ ገብተህ የራስህን የሥራ ታሪክ በአንድ ቃል ለሌሎች አስረከብህ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን ሁላችንም እንጠንቀቅ፤ እኔንም ጨምሮ።

በአራተኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ፣ በገዳመ አስቄጥስ ይኖር የነበረውን ሙሴ ጸሊምን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ መነኩሴ አጥፍቶ ጉባኤ ተቀመጠበትና ሙሴን ጠሩት፤ አልሄድም አለ። እንደገና ሲልኩበት የሚያፈስ ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ይህ ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈስሳል፣ እኔም አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ሰው ጥፋት ልፈርድ መጥቻለሁ አላቸው። ከዚያ በኋላ ወንድማቸውን ይቅር አሉት ይባላል። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ዕቃውን በጀርባው መሸከሙ ነው፤ በእጁ ቢይዘው ኖሮ የሚፈስሰውን ያየው ነበር።

ጥያቄ አለኝ

እኔ ገና ወጣት ነኝ፣ ካጠፋሁ አርሙኝ። እኛ ጋ በወጣቶች ኅብረት አንድ ሰው ሲሳሳት «ሰይጣን አሳሳተኝ» ብሎ ከመሰከረ ሁሉም «አሜን» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ለመናገር እኔም ብያለሁ፤ ደስም ይላል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ማንም ዝርዝሩን አይጠይቅህም። ግን ሰይጣን እንደሚፈትን መጽሐፉ ይናገራል አይደል? ታዲያ «ሰይጣን አሳሳተኝ» ማለት እምነት ነው ወይስ ሰበብ? ወይስ «ሥጋ ለባሽ ነኝ» እንደምንለው ያለ ነገር ነው?

የመጽሐፍ ተማሪ (ለ«ጥያቄ አለኝ»)

ጥሩ ጠየቅህ። የሐዋርያት ሥራ 5 ቁጥር 3 እና 4ን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጣቸው። ጴጥሮስ ከሸጠው መሬት ዋጋ ሸሽጎ ያስቀረውን ሐናንያን በቁጥር 3 ሰይጣን ልብህን ስለ ምን ሞላው ይለዋል፤ በቁጥር 4 ደግሞ ይህን ነገር በልብህ ስለ ምን አሰብህ ይለዋል። ልቡ ያው አንድ ልብ ነው፣ ድርጊቱም ያው አንድ ድርጊት ነው፤ ሰይጣን ሞላው፣ ሐናንያም አሰበው። ጴጥሮስ ሰይጣን አለ በማለቱ የሐናንያን ድርሻ በአንድ ስንዝር አልቀነሰም። ያዕቆብም በመልእክቱ በምዕራፍ 1 ቁጥር 14 እያንዳንዱ የሚፈተነው በራሱ ምኞት ሲሳብና ሲታለል ነው ይላል፤ «በራሱ» የምትለዋን ቃል ልብ በል።

አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ዘጠኝ ዓመት ያህል የማኒ ተከታዮች መካከል ነበር። በትምህርታቸው በሰው ውስጥ ሁለት ባሕርያት አሉ፤ ኃጢአት የሚሠራው ክፉው ባሕርይ እንጂ ሰውየው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ430 ያረፈው ይህ አባት ኋላ ስለ ራሱ ሲጽፍ፣ በዚያን ጊዜ ከጥፋት ውጭ መሆኑ ትዕቢቱን ደስ ያሰኘው እንደ ነበር፣ ክፉ ባደረገ ጊዜም አደረግሁ ከማለት ከእርሱ ጋር ያለውን ሌላውን ነገር መክሰስ ይወድ እንደ ነበር አምኗል። አንተ «ደስም ይላል» ያልኸው ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ በቅንነትህ አደንቅሃለሁ። ምስክርነት ላይ ስትቆም «ተፈተንሁ፤ ይህንና ይህን አደረግሁ» በል። ፈታኙን መካድ አያስፈልግህም፤ ሁለተኛውን ግሥ ግን ለእርሱ አትስጠው።

የቆየ አገልጋይ

ልጆቼ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ኑዛዜ ስሰማ ኖሬያለሁና ስለ ጠያቂው ሁለተኛ ጥያቄ ትንሽ ልናገር።

«በድያለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረኝም። ሳኦልም ብሎታል፣ ዳዊትም ብሎታል። ሳኦል በ1ኛ ሳሙኤል 15 የአማሌቅን ከብት ሳያስቀር እንዲያጠፋ ታዝዞ ሳለ፣ መጀመሪያ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ፤ የበጎቹ ጩኸት ሲያጋልጠው ያዳናቸው ሕዝቡ ነው አለ፤ እርሱም ለመሥዋዕት ነው ሲል አክሎ ሃይማኖት አለበሰው፤ መውጫ ሲያጣ በድያለሁ፣ ሕዝቡን ስለ ፈራሁ ነው አለ። በመጨረሻም፣ ይህ ነው ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ፣ በድያለሁ፣ ነገር ግን በሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ ብሎ ሳሙኤልን ለመነው። ኑዛዜውን ለስሙ መጠበቂያ ዋጋ አድርጎ ከፈለው።

ዳዊትም ቢሆን ከሳኦል የተሻለ ሰው ሆኖ አልጀመረም። ኦርዮን የሚያስገድለውን ደብዳቤ በኦርዮ በራሱ እጅ ላከው፤ የሞቱ ዜና ሲደርሰውም ሰይፍ አንዱንም ሌላውንም ይበላልና አትዘን ብሎ ለኢዮአብ ላከበት። ሰይፉን ከሰሰ! ናታን ፊት ለፊት ከነገረው በኋላ ግን የወጣው «እግዚአብሔርን በድያለሁ» የሚል ብቻ ነው። በአማርኛ ሁለት ቃል ነው፤ በዕብራይስጥም ሁለት ነው። «ነገር ግን» የለበትም፣ «ስለ» የለበትም። መዝሙሩም (አንዳንዶቻችን 50ኛው፣ ሌሎቻችን 51ኛው የምንለው) ከርእሱ በቀር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሌላ ሰው ስም አይጠራም።

የጠፋውን ልጅም ልብ በሉት። ሉቃስ 15 በዚያች አገር ጽኑ ራብ እንደ ሆነ ይናገራል፤ ማንም አልሰጠውም ነበር ይላል። ራቡ የልጁ ጥፋት አልነበረም። ነገር ግን ወደ አባቱ ሊለው ባዘጋጀው ንግግር ውስጥ ራቡ አልገባም፤ «በሰማይና በፊትህ በደልሁ» ነው ያለው። ስለ ራቡ ተራኪው ይንገረን፤ ባለ ዕዳው ግን አላነሣውም። ታላቅ ወንድሙ ነው የቀድሞውን አነጋገር ይዞ የመጣው፤ ጥቦት እንኳ አልሰጠኸኝም፣ ይህ ልጅህ ግን ይላል። «ወንድሜ» ማለት ከበደው። አዳም «የሰጠኸኝ ሴት» እንዳለው ነው።

አሁን ወደ አንተ ጉዳይ ልመለስ፣ ልጄ። ልጁ ረስቶት ይሆናል ትላለህ። ልጁ ይርሳው፤ በግል ማኅደሩ ውስጥ ያለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን አልረሳም። ዘኍልቁ 5 ቁጥር 6 እና 7 ሰው ባልንጀራውን በበደለ ጊዜ ይናዘዝ ብሎ አያቆምም፤ የበደለበትን ይመልስ፣ አምስተኛ እጅም ይጨምርበት፣ ለበደለውም ሰው ይስጠው ይላል። በዘጸአት 22 በግ የሰረቀ ስለ አንዱ አራት ይከፍል ነበር። ቀራጩ ዘኬዎስ ማንም ሳይከሰው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ራሱን በሌባ ሕግ መቅጣቱ ነው። አንተም የወሰድኸው ገንዘብ ባይሆንም የልጁን ስም ነውና፣ መመለስ ያለብህ በወሰድህበት ቦታ ነው፤ በዚያው በአመራሩ ፊት። በጓዳ የተባለ ይቅርታ በአደባባይ የተጻፈን ደብዳቤ አይሰርዝም።

አንድ ነገር ግን አስጠነቅቅሃለሁ። ይሁዳም በማቴዎስ 27 በድያለሁ ብሏል፤ 30ውን ብር መልሷል፤ «ነገር ግን» አልጨመረበትም። የሄደው ግን ከእርሱ ጋር ወደ ተካፈሉት ሰዎች ነበርና «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ» ብለው መለሱት። በዚያው ምዕራፍ ጲላጦስ እጁን ታጥቦ ለሕዝቡ «እናንተ ተጠንቀቁ» ይላል። ዛሬ ሰው ከነገር ሲሸሽ «ከደሙ ንጹሕ ነኝ» የሚለውን ከእርሱ ነው የወረስነው። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ያው ቃል ከእጅ ወደ እጅ ሲወረወር አየህ? እንግዲህ ይሁዳ ብቻውን ቀረና ተስፋ ቈረጠ። አንተ መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባትህ፣ ከዚያ ወደ ልጁ ሂድ፤ ብቻህን አትሸከመው።

ዝምተኛዋ

አባቴ፣ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ስለ ጠያቂው ያሉትንም እቀበላለሁ። ነገር ግን ይህን ክር ከጠያቂው በተቃራኒ ወገን ያለ ሰው ቢያነብበው ምን ይሰማዋል ብዬ ፈራሁ።

እኔ ለብዙ ዓመታት በትዳር ውስጥ የኖርሁት ሁሉንም ጥፋት የራሴ እያደረግሁ ነው። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እኔ ስላስቆጣሁት ነው፤ እጁን ሲያነሣ እኔ ቃል ስለ መለስሁለት ነው። ወደ አንዲት የጸሎት እኅት ሄጄ ስነግራት በዓይኔ ያለውን ምሰሶ እንድፈልግ ነገረችኝ። ፈለግሁ። ሰው ፈልጎ የማያገኘው ምሰሶ የለም። ደብተር ይዤ የራሴን ጥፋቶች በየማታው እጽፍ ነበር፤ «እራት አዘገየሁ»፣ «ሲናገር ፊቴን አዞርሁ»። ደብተሩ ሞላ፣ ሌላ ገዛሁ፤ ቤታችን ውስጥ ግን ምንም አልተለወጠም፤ የተጻፈው ሁሉ የእኔ እንጂ የእርሱ አልነበረምና።

ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ የተናገረውን ያገኘሁት ዘግይቼ ነው። ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉው መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ ነው ያለው፤ ዮሐንስ 18 ቁጥር 23 ላይ አለ። የዓለምን ኃጢአት የተሸከመ እርሱ እንኳ የመቺውን ጥፋት የራሱ አድርጎ አልተቀበለም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰውም ማን ኃጢአት ሠራ፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ ሲሉት፣ ከሁለቱም አንዱን አልመረጠላቸውም። ሌላውን በሐሰት መክሰስ ኃጢአት ከሆነ ራስን በሐሰት መክሰስስ ምንድን ነው? እርሱም ሐሰተኛ ምስክርነት ነው እላለሁ።

የቆየ አገልጋይ (ለ«ዝምተኛዋ»)

ልጄ፣ ልክ ነሽ፤ እኔም ይህን ሳልጨምር መጻፌ ጥፋቴ ነው። የኢዮብ ወዳጆች ሥራቸው ሁሉ ይኸው ነበር፤ ይህ ሁሉ የደረሰብህ አጥፍተህ ስለ ሆነ እመን እያሉ ሲጎተጉቱት ነው የቆዩት። በመጨረሻው ምዕራፍ ግን እግዚአብሔር ኤልፋዝን ቁጣዬ ነድዶብሃል፣ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁምና ይለዋል። ኢዮብ አላጠፋሁም በማለቱ አልተኮነነም። ሉቃስ 17 ቁጥር 3ም ወንድምህ ቢበድልህ ገሥጸው ይላል፤ በደለኛውን በስሙ መጥራት ማላከክ አይደለም። ያቺ እኅት ምሰሶውን ለባልሽ ብትነግረው ይሻል ነበር። በአገልግሎቴ ዘመን እኔም ጥቅሱን ለማይገባው ሰው የሰጠሁባቸው ጊዜያት አሉ፤ ሁለቱን አስታውሳቸዋለሁ።

ታዛቢ

ውይይቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ተዘግቶ ቀረ። አንድ ወጣት ያለ ማንም ድጋፍ የዓመት ሪፖርት ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፤ አንድ ኃላፊ በጥድፊያ ይፈርማል፤ አመራሩም አንድ ስም እንደ ሰማ ረክቶ ይነሣል። «እንዴት ሆነ?» ብሎ የጠየቀው ጉባኤ በእርግጥ ሲፈልግ የነበረው የአሠራሩን ክፍተት ሳይሆን ሰው ነበር። እንደዚህ ባለ ቤት ሁሉም ሰው ተራውን ጠብቆ አዳም ይሆናል።

በሕዝቅኤል ዘመን በባቢሎን የነበሩት ምርኮኞች አባቶች ጨርቋ የወይን ፍሬ በሉ፣ የልጆችም ጥርሶች ጠረሱ እያሉ ይተርቱ ነበር። ተረቱ ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ የተማረኩት ከእነርሱ በፊት በተሠራ ጥፋት ጭምር ነው። ነቢዩ በምዕራፍ 18 ተረቱን የከለከለው እነርሱ ዛሬ ከሚያደርጉት ስላስጣላቸው ይመስለኛል። ነህምያ ግን በሌላ አቅጣጫ ሄደ። ኢየሩሳሌም የፈረሰችው እርሱ ከመጸለዩ ከ140 ዓመት በፊት ገደማ ነው፤ በሱሳ ቤተ መንግሥት የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ሰው ግን እኔና የአባቴ ቤት በድለናል ብሎ ጸለየ። ያላጠፋውን አጠፋሁ ማለቱ አልነበረም፤ የቤቱን ዕዳ ተረክቦ ቅጥሩን ሊሠራ ተነሣ እንጂ። ስለዚህ ጠያቂው ወደ አመራሩ ሲሄድ የራሱን ፊርማ ብቻ ሳይሆን፣ ማጣሪያው በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠለ መሆኑንም ቢያነሣ ይገባዋል እላለሁ።

ቀጥተኛው

በታዛቢ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን በዚያ ደብዳቤ ውስጥ የአሠራሩ ነገር ከፊርማው በፊት እንዳይመጣ። ቀድሞ ከመጣ ያው «የሰጠኸኝ ሴት» ነው። በመንገደኛ ለተነገረኝም መልስ አለኝ ብዬ ሁለት ቀን አሰብሁ፤ የለኝም። ሥራው ላይ የቀረሁበት ምክንያት ሦስት አራት ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ።

ዘግይቶ የነቃ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ቀጥተኛውንም ጭምር። የሆነውን ልንገራችሁ።

ለንስሐ አባቴ ከነገርሁ በኋላ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ። ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሳነበው «በሥራ ብዛት ምክንያት»፣ «በወቅቱ ከነበረው ጥድፊያ አንጻር»፣ «ምንም እንኳ ሠንጠረዡ በእኔ ባይዘጋጅም» የሚሉትን ሰረዝሁ። የቀረው አራት መስመር ነው፤ ሪፖርቱን የማጣራት ኃላፊነት የእኔ እንደ ነበር፣ ሳላጣራ እንደ ፈረምሁ፣ በስብሰባው ይህን እንዳልተናገርሁ፣ ለባልደረባዬ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ በእኔ ላይ ተገቢው እንዲወሰን የሚሉ። የታዛቢን ሐሳብ በሌላ ወረቀት ለብቻው ጻፍሁት፤ ከአራቱ መስመር ጋር ሳስቀምጠው እንደ ምክንያት እየሸተተ አስቸገረኝ።

ደብዳቤውን ከማስገባቴ በፊት ልጁን አስጠርቼ አነበብሁለት። በቢሮዬ ጠረጴዛ በኩል ተቀምጬ ላነብለት ነበር፤ ተነሥቼ በእርሱ በኩል ባለው ወንበር ተቀመጥሁ። አንብቤ ስጨርስ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ ምን እንደ ጻፍሁ ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። «የዕለቱን ቀን ነው የጻፍሁት። ደጋግሜ። እጄ ባዶ እንዳይሆንብኝ።» አልረሳም ነበር። ይቅርታ እንዲያደርግልኝ ስጠይቀው ሰምቻለሁ፣ ለመመለስ ግን ጊዜ ይስጡኝ አለ። ቀደም ሲል እንደዚህ ያለ መልስ ያስቀይመኝ ነበር፤ ይቅርታ ከጠየቅሁ በኋላ ጉዳዩ ወደ ሌላው ሰው ተሻግሯል፣ ይቅር ካላለኝ ጥፋቱ የእርሱ ነው ብዬ ማሰብ ይቀናኝ ነበርና። ያም ሌላ ማላከክ መሆኑን ያየሁት ከበሩ ሲወጣ ነው።

በማግስቱ ደብዳቤውን አስገባሁ። ኃላፊዬ አንብቦ «ይህን አሁን ማንሣት ለምን አስፈለገ? ያለፈ ነገር ነው» አለኝ። ለእኔ ያለፈ መሆኑን፣ በልጁ ማኅደር ውስጥ ግን እንዳላለፈ ነገርሁት። ለኮሚቴ እንደሚያቀርበው ነግሮኛል።

ጥያቄ አለኝ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ደብዳቤው ከልጁ ማኅደር ወጣ?

ዘግይቶ የነቃ

ገና አልወጣም። ኮሚቴው ባለፈው ሳምንት አልተሰበሰበም። ሰኞ ጠዋት ተመልሼ እጠይቃለሁ።